ሄንሪ ሞድስሊ፦ ለብረት እኩል ልክ ያበጀለት ባለ እጅ

የወፍጮ ዘንግ ሲሰበር ወይም የተሽከርካሪ አካል ሲበላ ባለንብረቱ የተጎዳውን ዕቃ በጨርቅ ጠቅልሎ ወደ ቶርኖ ቤት ይሄዳል። ባለሙያው ዕቃውን ይለካል፤ ተመጣጣኝ ብረት መርጦ በማሽኑ ላይ ያስራል፤ ብረቱ እየተሽከረከረ፣ መቁረጫው እየላገው፣ ከጥቂት ሰዓታት በኋላ በቀድሞው ምትክ የሚገባ አዲስ ዕቃ ይረከባል። ደንበኛው ሒሳቡን ከፍሎ ሲወጣ ዕቃው በቦታው ልክ እንደሚገባ አይጠራጠርም። ቡለኑን ከአንድ ሱቅ፣ ዳዶውን ከሌላ ሱቅ ቢገዛም ሁለቱ እንዲገጣጠሙ ይጠብቃል።

ይህ እምነት ዛሬ እንደ ተራ ነገር ቢቆጠርም ለዘመናት ያልነበረ ነው። በአሥራ ስምንተኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ በእንግሊዝ አገር እያንዳንዱ ቡለን የራሱ ዳዶ ብቻ ነበረው፤ የሌላውን አይቀበልም ነበር። ይህን ከለወጡት ሰዎች መካከል በቀዳሚነት የሚጠቀሰው ሄንሪ ሞድስሊ ነው። ሞድስሊ የዩኒቨርሲቲ ትምህርት አልነበረውም። በልጅነቱ ባሩድ ይሞላ የነበረ፣ ከአንጥረኛ ቤት የወጣ ባለ እጅ ነበር። በዚህ ጽሑፍ የሕይወቱን ታሪክ ለአንባቢያን እናቀርባለን። በጽሑፉ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን እናስታውቃለን።

ልጅነትና የመጀመሪያ ሥራ

ሄንሪ ሞድስሊ በዚያ ዘመን ከለንደን በስተምሥራቅ በቴምዝ ወንዝ ዳር በነበረችው ዉሊች ኦገስት 22 ቀን 1771 ተወለደ። አባቱ ዊልያም ሞድስሊ በጦር ሠራዊቱ ውስጥ የሠረገላ መንኮራኩር ሠሪ የነበረ ሲሆን፣ በግዳጅ ላይ ቆስሎ ከተመለሰ በኋላ በዉሊች የመንግሥት የጦር መሣሪያ ፋብሪካ ተቀጥሮ ይሠራ ነበር። ቤተሰቡ ሰባት ልጆች የነበሩት ሲሆን፣ ሄንሪ አምስተኛው ነበር። አባቱ በ1780 ሲሞት ልጁ ገና የዘጠኝ ዓመት ዕድሜ ላይ ነበር።

በዚያ ዘመን አባት የሌለው የሠራተኛ ልጅ ትምህርት ቤት የመዋል ዕድሉ ጠባብ ነበር። ሄንሪ አሥራ ሁለት ዓመት ሲሞላው አባቱ በሠራበት ፋብሪካ ገብቶ በጥይት ከረጢቶች ውስጥ ባሩድ የመሙላት ሥራ ጀመረ። ከሁለት ዓመት በኋላ ወደ አናጺዎች ክፍል ተዛወረ። ይሁን እንጂ የልጁ ልብ ከእንጨቱ ይልቅ በአጠገቡ ወደሚገኘው ወደ ወናፉና ወደ መዶሻው ያዘነብል ነበር። በመሆኑም አሥራ አምስት ዓመት ገደማ ሲሆነው ወደ አንጥረኞች ክፍል እንዲዛወር ተፈቀደለት። በጥቂት ዓመታት ውስጥ በእሳትም ሆነ በሞረድ ሥራ የሚወዳደረው የማይገኝ እጀ ብልህ ሆነ፤ ዝናውም ከፋብሪካው አጥር ተሻግሮ ለንደን ደረሰ።

የብራማ ቁልፍ

በለንደን ጆሴፍ ብራማ የተባለ የፈጠራ ባለሙያ ነበር። ብራማ በ1784 እጅግ አስተማማኝ የሆነ የቁልፍ ዓይነት በስሙ አስመዘገበ። ቁልፉ በንድፉ ድንቅ ቢሆንም በውስጡ ያሉት ጥቃቅን ክፍሎች ያለ ምንም ልዩነት በትክክለኛ ልክ ካልተሠሩ ሊሠራ አይችልም ነበር። በሞረድና በመሮ የሚሠሩ የከተማይቱ ምርጥ እጆች እንኳ ክፍሎቹን በሚገባ ማውጣት አዳገታቸው፤ ያወጡትም ቢሆን ብዙ ጊዜ ስለሚፈጅ ዋጋው ከገዢው አቅም በላይ ሆነ። ብራማ መላ የሚፈጥርለት ሰው ሲያፈላልግ የሞድስሊን ስም ነገሩት።

ሞድስሊ በ1789 ሲመጣ የአሥራ ስምንት ዓመት ወጣት ነበር። በጊዜው ደንብ አንድ ሠራተኛ ሙሉ ባለሙያ የሚባለው ለሰባት ዓመት በለማጅነት ሲያገለግል ነው፤ ሞድስሊ ግን ይህን አላሟላም። ነባሮቹ ሠራተኞች እንዳይቃወሙ ብራማ አመነታ። ወጣቱም በክፍሉ ጥግ ያየውን አሮጌ፣ ጥርሱ የተበላ ሞርሳ እስከ ማታ ድረስ አድሶ ለማስረከብ ፈቃድ ጠየቀ ይባላል። የሥራ ማብቂያው ሰዓት ሳይደርስ የአረብ ብረት ከንፈር ገጥሞ፣ ሞርዶና አጠንክሮ አሳየ። ከዚያ በኋላ ስለ ችሎታው የተከራከረ አልነበረም።

ሞድስሊ ለቁልፉ ችግር ያመጣው መፍትሔ ከሌሎቹ የተለየ ነበር። የተሻለ ሞራጅ ከመፈለግ ይልቅ እያንዳንዱን ክፍል ደጋግሞ በአንድ ዓይነት ልክ የሚያወጡ ልዩ ልዩ ማሽኖችን ሠራ። ብራማም በሱቁ መስኮት አንድ ቁልፍ ሰቅሎ፣ ያለ መክፈቻው ለሚከፍተው ሰው 200 ጊኒ እንደሚሸልም የሚገልጽ ማስታወቂያ አኖረ። ያ ቁልፍ የሞድስሊ እጅ ሥራ እንደሆነ ይታመናል። ፈተናውን ማንም ሳያሸንፈው ከስድሳ ዓመታት በላይ ቆየ፤ በመጨረሻ አልፍሬድ ሆብስ የተባለ አሜሪካዊ በ1851 ሲከፍተው በ16 ቀናት ውስጥ በድምሩ 51 ሰዓት ፈጅቶበታል።

ብራማ በ1795 የውኃ ግፊት የሚጠቀም መጭመቂያ ሲፈለስፍም ሌላ ችግር ገጠመው፤ ግፊቱ ሲበረታ ውኃው በምሰሶው ዙሪያ ያመልጥ ነበር። ምሰሶውን አጥብቆ ቢያስረው ደግሞ አልንቀሳቀስ አለ። ለዚህ መፍትሔ የሆነውን የቆዳ ጓርኒሲዮን ያሰበው ሞድስሊ እንደነበር በታሪክ ይነገራል። ጓርኒሲዮኑ እንደ ጽዋ የተቆለመመ ስለሆነ ግፊቱ ሲጨምር ራሱ ውኃው ከምሰሶው ጋር ያጣብቀዋል፤ ግፊቱ ሲለቅም ይላላል።

ሞድስሊ በዚሁ ቤት ሳለ በ1791 የብራማ የቤት ሠራተኛ የነበረችውን ሣራ ቲንደልን አገባ። አራት ልጆችም ወለዱ። የሥራ ክፍሎቹ ኃላፊ ከሆነና ስምንት ዓመት ካገለገለ በኋላ እያደገ ለሄደው ቤተሰቡ እንዲሆነው በሳምንት ከሚያገኘው 30 ሽልንግ የበለጠ ደመወዝ ጠየቀ። ብራማ ጥያቄውን አልተቀበለም። ሞድስሊም በ1797 ሥራውን ለቅቆ በለንደን ዌልስ ጎዳና አንዲት ትንሽ የሥራ ቤት ተከራየ። የመጀመሪያው ትእዛዝ ከአንድ ሠዓሊ የመጣ ሲሆን፣ ለትልቅ የሥዕል ማቆሚያ የብረት ማዕቀፍ መሥራት ነበር።

ቶርኖ እስከዚያ ዘመን

የሞድስሊን ዋና ሥራ ለመረዳት ቶርኖ በዚያ ጊዜ ምን እንደሚመስል ማወቅ ያስፈልጋል። የቶርኖ አሠራር እጅግ ጥንታዊ ነው፤ አንድ ዕቃ በሁለት ጫፉ ተይዞ ሲሽከረከር ስለታም መሣሪያ ከጎኑ ይላገዋል። የጥንት ግብፃውያንና ግሪካውያን በገመድ እያሽከረከሩ እንጨት ይልጉበት ነበር። በኋላ በእግር የሚረገጥ መርገጫ ተጨመረለት፤ እየቆየም መንኮራኩር ገባበት። የመቁረጫው ነገር ግን ብዙ አልተለወጠም። ሠራተኛው መቁረጫውን በእጁ ጨብጦ፣ በመደገፊያ ላይ አስደግፎ፣ በትከሻውና በክንዱ ጉልበት ከሚሽከረከረው ዕቃ ጋር ያገናኘው ነበር።

ይህ ለእንጨት ይበቃል። ብረት ግን መቁረጫውን ይመልሳል፤ ክንድ ይደክማል፤ አብዛኛውን ጊዜ ከእንጨት የሚሠራው የማሽኑ አካልም ይንቀጠቀጣል። በመሆኑም ረጅም ዘንግ ከዳር እስከ ዳር በእኩል ውፍረት ማውጣት የጥቂት ሊቃውንት ዕጣ ነበር። ከሁሉ የከበደው ደግሞ ባለሙያዎች ፊሌቶ የሚሉትን፣ በቡለን አካል ላይ የሚዞረውን ጠመዝማዛ መስመር ማውጣት ነበር። ፊሌቶ በዓይን ግምትና በሞረድ ሲወጣ መስመሩ በአንድ ቦታ ይጠባል፤ በሌላው ይሰፋል። ስለዚህ ቡለንና ዳዶ ጥንድ ጥንድ ሆነው ይሠሩ ነበር። አንድ ማሽን ለጥገና ሲፈታ እያንዳንዱ ቡለን ከነዳዶው ምልክት ተደርጎበት ይቀመጣል፤ ምልክቱ ከጠፋ ወይም ዕቃው ከተደባለቀ የሚከተለው ወጪና እንግልት ቀላል አልነበረም።

በዚህ ረገድ ከሞድስሊ በፊት ያሰቡ ሰዎች ነበሩ። ሊዮናርዶ ዳ ቪንቺ ፊሌቶ የሚያወጣ ማሽን በወረቀት ላይ ነድፎ ነበር። በፈረንሳይ ዣክ ደ ቮካንሶን በአሥራ ስምንተኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ መቁረጫው በተንሸራታች መያዣ ላይ የሚታሰርበት የብረት ቶርኖ ሠርቷል። በለንደን ጄሲ ራምስደን በ1770ዎቹ ለሥነ ፈለክና ለባሕር ጉዞ መሣሪያዎች ቡለን የሚያወጣ ትንሽ ማሽን ነበረው። እነዚህ ግን ወይ በንድፍ ላይ ቀርተዋል፣ ወይም ለአንድ ጠባብ ሥራ ብቻ ውለዋል፤ ወደ ተራው የብረት ሥራ ቤት አልገቡም።

የሞድስሊ ቶርኖ

ሞድስሊ ከ1797 እስከ 1800 ባሉት ዓመታት ሦስት ነገሮችን በአንድ ማሽን ላይ አዋሐደ። አንደኛ፣ የማሽኑ አካል ሙሉ በሙሉ ከብረት የተሠራና የማይነቃነቅ እንዲሆን አደረገ። ሁለተኛ፣ መቁረጫውን ከሠራተኛው እጅ ወስዶ በቀጥተኛ ሐዲድ ላይ በሚንሸራተት መያዣ ላይ አሰረው፤ ሠራተኛው ከዚህ በኋላ መቁረጫውን የሚመራው እጀታ በመጠምዘዝ ሆነ። ሦስተኛ፣ መያዣውን ከማሽኑ ጎን ከሚዞር ረጅም መሪ ቡለን ጋር አገናኘው፤ መሪውን ቡለን ደግሞ በማርሾች አማካይነት ከሚሽከረከረው ዕቃ ጋር አያያዘው።

የዚህ ውጤት ቀላል ሆኖ ሳለ ታላቅ ነበር። ዕቃው አንድ ጊዜ በዞረ ቁጥር መቁረጫው ዘወትር ያንኑ ርቀት ይጓዛል፤ በብረቱ ላይ የሚወጣው ፊሌቶም ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው እኩል ይሆናል። የፊሌቶውን ስፋት ለመለወጥ ማርሾቹን መቀያየር ይበቃል። በፊት ለእያንዳንዱ የፊሌቶ ዓይነት የተለየ መሪ ቡለን ያስፈልግ ነበር፤ አሁን አንዱ ለሁሉም በቃ።

በዚህ ላይ አንድ እንቆቅልሽ ነበረ። ትክክለኛ ቡለን የሚያወጣ ማሽን ራሱ ትክክለኛ መሪ ቡለን ይፈልጋል፤ ታዲያ የመጀመሪያው ከየት ይምጣ? ሞድስሊ በሚሽከረከር ለስላሳ ዘንግ ላይ በተወሰነ ዘዌ ያዘነበለ ስለት አስደግፎ፣ የስለቱ ዝንባሌ ራሱ መስመሩን እየመራ እንዲሄድ አደረገ። በዚህ መንገድ ብዙ ቡለኖች አወጣ፤ መርምሮም የተሻለውን መረጠ፤ የተሻለውን ተጠቅሞ ከእርሱ የሚበልጥ ሌላ ሠራ። ትክክለኛነት በአንድ ጊዜ የተገኘ ስጦታ አልነበረም፤ ከጉድለት ወደ ትንሽ ጉድለት በትዕግሥት የተሄደበት መንገድ ነበር።

የሥራ ቤቱ ቡለኖችና ዳዶዎች በዚህ ማሽን እየወጡ በአንድ ዓይነት ልክ መሠራት ጀመሩ። በሞድስሊ ቤት ተመሳሳይ ውፍረት ያለው ማንኛውም ቡለን ለተመሳሳይ ዳዶ ሁሉ ይገጥም ነበር። የማሽኑን ኃይል ለማሳየትም አምስት ጫማ ርዝመትና ሁለት ኢንች ውፍረት ያለው፣ በእያንዳንዱ ኢንች ላይ 50 ፊሌቶ የሚቆጠርበት ቡለን ሠራ፤ አንድ ጫማ የሚረዝመው ዳዶውም በውስጡ 600 ፊሌቶ ነበረው።

ፖርትስመዝና የእጅ ሙያ ዕጣ

በ1800 የሥራ ቤቱ ጠብቦ ወደ ማርጋሬት ጎዳና ተዛወረ። ብዙም ሳይቆይ ከፈረንሳይ አብዮት ሸሽቶ የመጣው መሐንዲስ ማርክ ኢሳምባርድ ብሩኔል አንድ ትልቅ ሐሳብ ይዞ ወደ እርሱ መጣ። እንግሊዝ ከፈረንሳይ ጋር ጦርነት ላይ ነበረች። ሸራቸውን የሚወጥሩት በገመድ የሆኑት የጦር መርከቦች ገመዱ የሚዘወርበት የእንጨት ካሩኮላ ያስፈልጋቸው ነበር። ለአንድ ትልቅ መርከብ ብቻ ወደ 1,000 የሚጠጋ ካሩኮላ ሲያስፈልግ፣ የባሕር ኃይሉ ዓመታዊ ፍላጎት 100,000 ገደማ ነበር። ሁሉም በእጅ ይሠራ ነበር።

ብሩኔል ሥራውን ደረጃ በደረጃ ከፋፍለው የሚሠሩ ማሽኖችን ነደፈ፤ የባሕር ኃይሉ የሥራ ኃላፊ የነበረው ሳሙኤል ቤንታምም ሐሳቡን ደገፈ፤ ሞድስሊ ማሽኖቹን ከብረት ሠርቶ ሕይወት ሰጣቸው። ከአርባ በላይ የሆኑት ማሽኖች በፖርትስመዝ የመርከብ ሥራ ቦታ ተተክለው በእንፋሎት ኃይል ተንቀሳቀሱ። በ1808 ብቻ 130,000 ካሩኮላ ተመረተ። በተከታታይ የተደረደሩ ልዩ ማሽኖችን በመጠቀም አንድን ዕቃ በብዛትና በእኩል ልክ በማምረት ረገድ ይህ በዓለም ላይ ከቀዳሚዎቹ አንዱ ነው። ከማሽኖቹ አንዳንዶቹ እስከ ሃያኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ አገልግሎት ሰጥተዋል።

ታሪኩ ግን ሌላ ገጽታም አለው። ቀደም ሲል 110 የሠለጠኑ ካሩኮላ ሠሪዎች ይሠሩት የነበረውን ያህል፣ ከማሽኖቹ ወዲህ ልዩ ሙያ የሌላቸው 10 ሰዎች ይሠሩት ጀመር። ለዓመታት የተማሩት፣ ቤተሰብ ያስተዳድሩበት የነበረው ሙያ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ፈላጊ አጣ። መንግሥት ወጪ ቆጠበ፤ መርከቦቹም በጊዜው ታጠቁ። የቁጠባው ዋጋ ግን በሌላ ወገን ትከሻ ላይ ወደቀ።

ከዚሁ ጋር አብሮ መታየት ያለበት በሞድስሊ ሥራ ቤት የተወለደው አዲስ ሙያ ነው። ማሽኑ መቁረጫውን ከሰው እጅ ቢወስድም፣ ማሽኑን የሚያዘጋጅ፣ ልኩን የሚያነብ፣ የብረቱን ጠባይ የሚያውቅ ሰው ያስፈልጋል። ዛሬ የቶርኖ ባለሙያ የምንለው ሰው የዚህ ለውጥ ልጅ ነው። አሮጌው ሙያ የጠፋበት ሰውና አዲሱን ያገኘው ሰው ግን ሁልጊዜ አንድ ሰው አልነበረም፤ ይህ እውነት ከዚያ በኋላ በመጣ እያንዳንዱ የቴክኖሎጂ ሽግግር ተደጋግሟል።

የላምቤዝ ሥራ ቤት

በ1810 ሞድስሊ ከቴምዝ ወንዝ በስተደቡብ በሚገኘው ላምቤዝ ሰፊ ፋብሪካ አቋቋመ። ቆየት ብሎም የሥራ ባልደረባው ጆሹዋ ፊልድና ሁለቱ ልጆቹ፣ ቶማስ ሄንሪና ጆሴፍ፣ በባለቤትነት ተሳትፈውበታል። ከፋብሪካው የሚወጡት የእንፋሎት ሞተሮች በተለይ ለመርከብ የሚሆኑት ዝና አተረፉ። ብሩኔል ከቴምዝ ወንዝ ሥር መተላለፊያ ለመቆፈር በ1825 ሲነሣ፣ ቆፋሪዎቹን ከመደርመስ የሚጠብቀው ግዙፍ የብረት ጋሻ የተሠራው በዚሁ ቤት ነበር።

በላምቤዝ ሁለት ነገሮች ከምንም በላይ ይከበሩ ነበር፤ ዝርግ ገጽና ልክ። በየሠራተኛው ጠረጴዛ ላይ ፍጹም ዝርግ የሆነ የብረት ገበታ ነበር፤ ሠራተኛው የሚሠራው ገጽ ቀጥ ማለቱን ከዚያ ጋር እያገናኘ ይመረምራል። ሞድስሊ ራሱ የሠራውን መለኪያ ደግሞ በዚያ ዘመን የአገሪቱ የበላይ ዳኛ በነበረው ባለሥልጣን ማዕረግ ሎርድ ቻንስለር ብለው ሰየሙት፤ በሁለት ሠራተኞች መካከል ስለ ልክ ክርክር ቢነሣ የመጨረሻውን ፍርድ የሚሰጠው ይህ መለኪያ ነበርና። መለኪያው እስከ አንድ ኢንች አሥር ሺህኛ፣ ማለትም እስከ 0.0025 ሚሊ ሜትር ገደማ፣ ይለይ ነበር። በዚያ ቤት የአለቃም ሆነ የጀማሪ ሥራ በአንድ ልክ ይዳኝ ነበር።

ለሠራተኞቹም ዘወትር የሚያስተምራቸው ጥቂት ነገሮች ነበሩ። ከመጀመራቸው በፊት የሚሠሩትን በአእምሯቸው ጥርት አድርገው እንዲያዩ፣ የማያስፈልግ ክብደትን ሁሉ እንዲቀንሱ፣ የተወሳሰበውን እንዲያቀልሉ ይመክራቸው ነበር። በቀልጦ ብረት ሥራ የውስጥ ማዕዘኖች ሹል እንዳይሆኑ አጥብቆ ያዝዝ ነበር፤ ብረት መሰንጠቅ የሚጀምረው ከሹል ማዕዘን መሆኑን ከልምድ ያውቃልና።

ደቀ መዛሙርቱ

ከዚህ ቤት የወጡት ሰዎች ስም የማሽን ሥራ ታሪክ ራሱ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ሪቻርድ ሮበርትስ በ1817 ብረት መላጊያ ማሽን ሠራ። ጆሴፍ ክሌመንት የቻርለስ ባቤጅን የሒሳብ ማሽን ክፍሎች ለመሥራት ተመረጠ። በ1829 በረዳትነት የተቀጠረው ጄምስ ናስሚዝ በኋላ የእንፋሎት መዶሻን ፈለሰፈ። ጆሴፍ ዊትወርዝ ደግሞ የመምህሩን ሐሳብ ከሥራ ቤቱ አጥር አሻግሮ ለአገር ሕግ አደረገው። ዊትወርዝ በየፋብሪካው የሚሠሩ ቡለኖችን ሰብስቦ ካነጻጸረ በኋላ በ1841 የፊሌቶው ማዕዘን 55 ዲግሪ የሆነ፣ ለእያንዳንዱ ውፍረት የተወሰነ የፊሌቶ ቁጥር ያለው አንድ ወጥ ደረጃ አቀረበ። የእንግሊዝ ባቡር ኩባንያዎችና ፋብሪካዎችም ተቀበሉት።

ሞድስሊ የሚያውቀውን አልደበቀም። በዘመኑ ብዙ የሥራ ቤቶች ምሥጢራቸውን በር ዘግተው ይጠብቁ ነበር። የእርሱ ቤት ግን ሰዎች ገብተው የሚማሩበት፣ ተምረውም ወጥተው የራሳቸውን የሚያቋቁሙበት ነበር። ቶርኖው ከአንድ ሰው ብልሃትነት አልፎ የዓለም ንብረት የሆነው በዚህ ምክንያት ጭምር ነው።

ዕለተ ሞቱና ከእርሱ በኋላ

ሞድስሊ በስተርጅና ዘመኑ ሥነ ፈለክ ይማርከው ጀመር፤ ታላቅ የከዋክብት መመልከቻ መሣሪያ ለመሥራትም አቅዶ ነበር። ዕቅዱ ግን አልተፈጸመም። በጃንዋሪ 1831 በፈረንሳይ ያለ ወዳጁን ጠይቆ ባሕር ሲሻገር ብርድ መታው። አራት ሳምንት ያህል ከታመመ በኋላ ፌብሩዋሪ 14 ቀን 1831 በሃምሳ ዘጠኝ ዓመቱ ዐረፈ። በተወለደባት ዉሊች በቅድስት ማርያም መግደላዊት ቤተ ክርስቲያን ቅጥር ግቢ ተቀበረ። በመቃብሩ ላይ የቆመው መታሰቢያ ከድንጋይ የተጠረበ አልነበረም፤ ራሱ የነደፈውና በላምቤዝ ፋብሪካው የተሠራ የቀልጦ ብረት ሐውልት ነበር።

ፋብሪካው ከእርሱ በኋላም ቀጥሎ በ1838 አትላንቲክን በእንፋሎት ላቋረጠችው ግሬት ዌስተርን መርከብ ሞተር ሠራ። ቶርኖም እያደገ ሄደ። በአሜሪካ ብዙ መቁረጫዎችን በሚዞር ራስ ላይ የሚይዝ ቶርኖ በ1840ዎቹ ተሠራ። የእግር መርገጫውና የእንፋሎት ቀበቶው በኤሌክትሪክ ሞተር ተተኩ። በ1952 በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም በቁጥር ትእዛዝ የሚንቀሳቀስ የብረት መቁረጫ ማሽን ለእይታ ቀረበ፤ ከዚያም ኮምፒውተር እጀታውን ተረከበ። ሆኖም ዛሬ በኮምፒውተር የሚሠራውን ቶርኖ ከፍተን ብናይ፣ መቁረጫው አሁንም በቀጥተኛ ሐዲድ ላይ በሚንሸራተት መያዣ ላይ ታስሮ፣ በሚዞር ረጅም ጠመዝማዛ ዘንግ እየተመራ ሲሄድ እናገኘዋለን። የሞድስሊ የመጀመሪያ ማሽን በለንደን የሳይንስ ሙዚየም ተጠብቆ ይገኛል።

ለአገልግሎት ፈላጊዎች

በአገራችን ማሽኑን የምንጠራበት ቶርኖ የሚለው ቃል፣ እንዲሁም ቡለን፣ ዳዶና ሞርሳ የሚሉት፣ ከጣሊያንኛ የመጡ ናቸው፤ አሠራሩ ግን ከላይ የተተረከው ነው። ይህን ማወቅ ለዕለት ጉዳይም ይጠቅማል። ዛሬ በገበያ ላይ በሚሊ ሜትር የሚለኩ፣ የፊሌቶ ማዕዘናቸው 60 ዲግሪ የሆኑ ቡለኖች ይበዛሉ፤ በአንዳንድ አሮጌ ማሽኖች ላይ ግን በኢንች የሚለኩና የዊትወርዝን 55 ዲግሪ የተከተሉ አሉ። ሁለቱ በዓይን ሲታዩ ይመሳሰላሉ። አንድ ዳዶ ሁለት ሦስት ጊዜ በቀላሉ ዞሮ ድንገት ቢጠብቅ በመፍቻ ማስገደድ ፊሌቶውን ያበላሸዋል፤ የልክ ልዩነት መኖሩን መጠርጠር ይገባል።

ስለሆነም ዕቃ ለማሠራት ወደ ቶርኖ ቤት የሚሄዱ ዜጎች የተበላውን ዕቃ ብቻ ሳይሆን የሚገጥምበትን ጓደኛውንም አብረው ይዘው ቢሄዱ መልካም ነው። ባለሙያው የሚለካው ሁለቱን አገናኝቶ ነው። በላምቤዝ ጠረጴዛ ላይ ክርክር ይፈታ የነበረው መለኪያ በእርሱም እጅ አለ፤ የሚሰጠው ፍርድም ዕቃው ለማንም ይሠራ ለማን አንድ ነው።